መጋቢት ሰባት ሳይደርስ

ወልደጻድቅ ከሰው ይልቅ ግድግዳ ያምን ነበር። ከወንበሩ ጀርባ በየመስከረሙ የሚቀየር ትልቅ ካላንደር ተሰቅሏል፤ የሚታደስ፣ የሚጠገን፣ የሚላክ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። ኮምፒውተር እኮ ራሱ ያስታውስሃል ሲሉት ይስቃል። "መብራት ሲጠፋ እሱን ማን ያስታውሰዋል?" ይላል፤ ሰሚው ካልሳቀ ደግሞ ይደግመዋል። ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ ሸሚዝ ፋብሪካ የኔትዎርክ ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እሱና ሀምዲያ።

ሀምዲያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች "ለዚህች ልጅ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ" ብሎ ያስቀጠራት እሱ ነው። ከገመድ አሳሰር ጀምሮ ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። ዛሬ በሥራው ትበልጠዋለች፤ ይህን በልቡ ያውቃል፣ ከአፉ ግን ወጥቶ አያውቅም። እሷም እንደ ድሬ ልጅነቷ አንቱታ አታበዛም፤ "ጋሽ ወልዴ" ትለውና ወዲያው "አንተ" ብላ ትቀጥላለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷንና ሁለት እህቶቿን ይዛ የምትኖረው በዚህ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርታ፣ የቋሚነት ደብዳቤዋ አሁን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ሰርተፊኬት ነው። ፋብሪካው ውስጥ ዋይፋይ የሚጠቀም መሣሪያ ሁሉ፣ በሩ ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን ሳይቀር፣ መጀመሪያ አንድ ሰርቨር ዘንድ ቀርቦ ማንነቱን ያስረዳል። ሰርቨሩ ካወቀው ያስገባዋል፣ ካላወቀው ይመልሰዋል። መሣሪያዎቹም ግን ሞኞች አይደሉም፤ በተራቸው ሰርቨሩን "አንተስ ማነህ?" ይሉታል። ያኔ የሚያሳያቸው መታወቂያ ነው ሰርተፊኬት የሚባለው። እንደ ማንኛውም መታወቂያ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ መሣሪያዎቹ ይሉኝታ አያውቁም።

ሰርተፊኬቷን ድሮ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ የሚያድሷት። አምና ወልደጻድቅ "ለዚህ ለዚህማ እኔስ አለሁ አይደል!" ብሎ ራሱ አደሳት። የምታበቃበትን ቀን ከስክሪኑ ላይ አነበበ፣ የዚህ ዓመት ካላንደር ሲመጣም መጋቢት ሰባትን በቀይ ከበባት።

ጥር ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት "እያንዳንዱ ሥራ በጽሑፍ ባለቤት ይኑረው" የሚል መመሪያ መጣ። ወልደጻድቅ የሥራዎቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ "የሰርተፊኬት ክትትል፦ ሀምዲያ" ብሎ ለአለቆቹ በኢሜይል ላከ። ለሷ ግን በቃሉ፣ "እሱን ለኔ ተዪው፣ ወረቀት ስለጠየቁን ነው" አላት። የሰርተፊኬቱን ፓስወርድም አልሰጣትም። እሷ ሰርተፊኬቱን እንዳይረሳ በየጠዋቱ ስልኩ ላይ የሚመጣ ማስታወሻ አዘጋጅታለት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን "ኧረ አጥፊልኝ፣ ጆሮዬን በላው" ብሎ አስጠፋት።

ረቡዕ ዕለት፣ የጥገና ክፍሉ ሳላሕና ሁለት ጓደኞቹ ቢሮው ገብተው ከወልደጻድቅ ጋር ሲጫወቱ፣ ሀምዲያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጋሽ ወልዴ፣ ያ ሰርተፊኬት አልደረሰም እንዴ? እስቲ ቀኑን አንዴ እየው።"

ወልደጻድቅ ዞር እንኳን አላለም። በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው አመለከተ። "መጋቢት ሰባት! ገና አሥራ አንድ ቀን አለው። አቦ ሀምዲያ፣ ረመዳን በገባ በአምስት ቀኑ እንዲህ ካፈዘዘሽ ለዒድ ምን ልትሆኚ ነው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ሀምዲያ ካላንደሩን አየች፣ የሚስቁትን ሰዎች አየች፣ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀችና መልሳ ገጠመችው። ወልደጻድቅም ሳቀ፤ እሱም ሁዳዴ ይዞ ቁርስ ካልበላ ሰንብቷል፣ ሰው ማሳቅ ደግሞ ረሃብ ያስረሳል። በማግስቱ ሁርሶ ለቀብር ሄዶ ሥራ አልገባም። ሀምዲያ ሦስት ጊዜ ስልኳን አንስታ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አይደወልለትም ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ያሉት የጣት አሻራ ማሽኖች በሙሉ ቀይ አበሩ። ዘጠኝ መቶ ሠራተኛ ተሰልፎ ጣቱን ቢያስነካ ቢያስነካ ማሽኖቹ ማንንም የሚያውቁ አልሆኑም። የድሬ ፀሐይ እንደሆነች ጠዋት ነው ብላ አታዝንም፤ ከተሰለፈው ግማሹ ረመዳን፣ ግማሹ ሁዳዴ የያዘ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ወድቀው በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ተወሰዱ። ውስጥ ደግሞ የስፌት መስመሮቹ ታብሌቶች ሞቱ፣ የመጋዘኑ ስካነሮች ሞቱ። ለጅቡቲ ኮንቴይነር የጫነው መኪና የመውጫ ወረቀት የሚሰጠው አጥቶ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆመ።

ወልደጻድቅ "ሁሉንም አጥፍታችሁ አብሩ!" አለ። አጠፉ፣ አበሩ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደህና የሆነ ገመድ ነቅሎ ሌላ ደህና ገመድ ሰካ። የምርት ክፍል ኃላፊዋ ቦጋለች በየአምስት ደቂቃው ትደውላለች፤ የሚያነሳላት ሲጠፋ ራሷ መጥታ፣ ለስልኩ ቅርብ የነበረችውን ሀምዲያን ሰው ፊት አፏ እንዳመጣላት ተናገረቻት። ሀምዲያ ስድቧን ተቀብላ ተመልሳ ተቀመጠችና ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ አንድ በአንድ ማንበብ ቀጠለች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታ ጆሮው ሥር መጣች።

"ጋሽ ወልዴ፣ ሰርተፊኬቱ ነው። ጊዜው አልፏል።"

"እንዴት ያልፋል? መጋቢት ሰባት ነው እኮ።"

"ማርች ሰባት ነው" አለች በቀስታ። "ማርች ሰባት ዛሬ ነው።"

በኛ አፍ ማርች ማለት መጋቢት ነው፤ ሕፃናት ተማሪ ቤት እንዲህ ብለው ይሸመድዱታል። የፈረንጆቹ ማርች ግን ከኛ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ይገባል፤ እነሱ ማርች ሰባት ሲሉ እኛ ገና የካቲት ሃያ ስምንት ላይ ነን። ወልደጻድቅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የፓስፖርት ፎርም የሚሞላ ጎረቤት ሁሉ የልደት ቀኑን የሚያስቆጥረው እሱን ነው። ያን ዕለት ግን ስክሪኑ ላይ ያየውን ወር ወደ አማርኛ መልሶ፣ ሰባቷን እንዳለች ግድግዳው ላይ አሳረፋት። ሲገባው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ፤ አምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ማደሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ፓስወርዱን ሁለት ጊዜ ቢሳሳትም፣ አምስት ሰዓት ላይ ማሽኖቹ አረንጓዴ አበሩ፣ ሰልፉም መግባት ጀመረ። ሀምዲያ ታብሌቶቹን ለማየት ስትወጣ ወልደጻድቅ ብቻውን ቀረ። በሩን አየ፣ ተነሳ፣ የመጋቢትን ገጽ ከካላንደሩ ቀደደና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። እጁ ነው ያደረገው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ።

ከጁምዓ መልስ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አብዲራህማን ሰበሰባቸው። አብዲራህማን አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናደድ ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ስድስት ሆነው ተቀመጡ፤ ቦጋለች ፊት ለፊት፣ ሀምዲያ በሩ አጠገብ።

"አራት ሰዓት ሙሉ ቆመናል" አለ አብዲራህማን። "አንዲት ቀን ያለፈባት ሰርተፊኬት ናት አሉኝ። እሺ። ይህን የሚከታተለው ማነው?"

ወልደጻድቅ "እኔ" ሊል ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ምሎ ይናገራል። ነገር ግን ቦጋለች እያየችው ነው፤ ሌሎቹም እያዩት ነው። ማርችን ከመጋቢት ያልለየ ኃላፊ ተብሎ በፓርኩ ሲወራ፣ ሳላሕ በየሻይ ቤቱ ሲያስቅበት ታየው።

"በጽሑፍ... ጥር ላይ በላክኩት ኢሜይል... ሥራው ለሀምዲያ ተሰጥቷል" አለ።

ኢሜይሉ ተከፈተ፤ እንዳለው ተጽፏል። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ሀምዲያ ግን ያየችው ወልደጻድቅን ብቻ ነው፤ ቀሪውን እንዲጨምርበት ጠበቀችው። ጠበቀችው፣ እሱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያያል። መጨረሻ ላይ "አዎ፣ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል" አለች። ፓስወርዱ እንዳልነበራት፣ ረቡዕ እንደተናገረች፣ ማስታወሻውን ማን እንዳስጠፋት አንዱንም አላነሳችም።

"የቋሚነት ደብዳቤው ይቅር" አለ አብዲራህማን። "ኮንትራቷ በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ሥራዋን አስረክባ ትሂድ።"

ሲወጡ ወልደጻድቅ ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። "ሀምዲያ፣ ስሚኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ፣ ሲበርድለት..."

"ችግር የለውም፤ እርስዎ አይጨነቁ" አለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ "እርስዎ" ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሰርቪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ያን ማታ አብሯት ለመቀመጥ ፊት ስላልነበረው ደቻቱ ድልድይ ጋ ወርዶ በእግሩ ወደ ሰፈሩ ወደ ከዚራ አቀና። ድልድዩ ላይ ቆሞ ያቺን የካላንደር ገጽ ከኪሱ አውጥቶ ወረወራት። ክረምት ቢሆን ጎርፍ ይወስድለት ነበር። አሁን ግን ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ወረቀቷ ተገልብጣ ወርዳ ቀዩዋን ክብ ወደ ሰማይ አድርጋ ተጋደመች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያት መሰለውና እየተጣደፈ ሄደ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ተመለሰ። ከሥጋና ከወተት ታቅቤ የልጅ እንጀራ በላሁ እያለ ራሱን ሲበላ አደረና ሰኞ ማለዳ አብዲራህማን ቢሮ ገባ። በሩን ዘግቶ፣ ሁለት ጊዜ አስሎ ጀመረ።

"ስለ ዓርቡ ጉዳይ ነው። ጥፋቱን ለልጅቷ ብቻ መስጠት ልክ አይደለም። እኔ ኃላፊ ነኝ። ጥፋቱ የኔም ነው።"

አብዲራህማን ፊቱ ፈታ አለ። ተነስቶ ትከሻውን ያዘው። "ወላሂ ጋሽ ወልዴ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ሌላው ቢሆን እጁን ታጥቦ ይወጣ ነበር። አንተ ግን ለልጅቷ ብለህ ራስህ ላይ ትወስዳለህ። ሆኖም ይህ ሥራ ነው፣ ርኅራኄ አይገባበትም። እኔ ግን አልረሳልህም።"

ወልደጻድቅ ያኔ "አልገባህም፣ አልወሰድኩም፣ የኔው ነው" ማለት ነበረበት። ስለ ካላንደሩ አንዲት ቃል ብትወጣው ነገሩ ባለቀ። እሱ ግን ምን አለ? "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አመስግኖ ወጣ። እስከ ቀትር ወሬው ተዳርሶ ካፍቴሪያ ውስጥ ሰው እየተነሳ ጨበጠው። "ለልጅቷ ብሎ እኮ ጥፋቱን ተቀበለ" ይላሉ። ሀምዲያ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሰማች፤ ተነስታ ወጣች። ወልደጻድቅ ያቀረቡለትን ሽሮ አልነካም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሀምዲያ የርክክብ ሰነዱን ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አራት ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ማሽን የት እንዳለ፣ የቱ ገመድ ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ መሣሪያ በሙቀት እንደሚታመም በሥርዓት ተጽፏል። እሱ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እስክሪብቶውን አንስቶ እያገላበጠ ነበር፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ እጁ ቆመ።

"የመግቢያ ሰርተፊኬቱ በሚቀጥለው ዓመት ማርች ሰባት ያበቃል፤ በኛ የካቲት ሃያ ስምንት ነው። አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ለጋሽ ወልደጻድቅ ያስታውሷቸው። ቀኑ ሊምታታባቸው ስለሚችል በቀስታ ይንገሯቸው። ሰው ባለበት ግን አይንገሯቸው፤ ያፍራሉ።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ሲል ሀምዲያ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ጥቂት ዕቃዎቿን ፌስታል ውስጥ እየከተተች ነው።

"ይህን ለምን ጻፍሽው?"

"ለሚተካኝ ሰው ነው" አለች። "ካላወቀ እንደኔ ይሆናል።" ፊቱን አይታ ደግሞ ፈጠን ብላ፣ "ካልወደዱት ላጥፋው። ሌላ ሰው ገና አላየውም" አለች።

እዚህ ላይ የወልደጻድቅን ልብ ላሳምርለት አልችልም። "አጥፊው" ሊላት ነበር። ሌላ ሰው አላየውም፣ ሁለት መስመር ነው፣ አንዲት ቁልፍ ትበቃለች። አፉን ሲከፍት ግን ልጅቷ መልሱን አስቀድማ አውቃው ኮምፒውተሩን ልትከፍት ስትነሳ አየ። እሱን የምታውቀው እንዲህ ነው ማለት ነው፤ አይገርማትም፣ አትቀየምም፣ አጥፊልኝ እንደሚላት እርግጠኛ ናት።

"ተዪው" አለ። ወረቀቱን ይዞ ተነሳ።

ሐሙስ ጠዋት የምርት ስብሰባ ነው። አብዲራህማን ቢሮ ወንበር ሞልቶ የመስመር ኃላፊዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሳላሕም መስኮቱ ጋ አለ። ወልደጻድቅ ሳያንኳኳ ገባ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ሰው አለ፤ ትንሽ ቆይተህ ና" አለ አብዲራህማን።

"ሰው ስላለ ነው የመጣሁት።"

መነጽሩን አደረገና ከመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን አነበበላቸው። "ሰው ባለበት ግን አይንገሯቸው" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመና እንደገና ከመስመሩ መጀመሪያ አነበበ፣ "ያፍራሉ" እስከሚለው ድረስ።

"ቀኑን ያምታታሁት እኔ ነኝ" አለ። "ማርች ሰባትን መጋቢት ሰባት ብዬ ጻፍኩት። ፓስወርዱ እኔ ጋ ብቻ ነበር። ረቡዕ ዕለት ልትነግረኝ ስትመጣ ሳቅኩባት፤ ሳላሕ ነበርክ፣ ሰምተሃል።"

ሳላሕ አንገቱን ደፋ። "ነበርኩ" አለ። "እኔም ስቄያለሁ።"

"ሰኞ እዚህ መጥተህ ምን ነበር ያልከኝ?" አለ አብዲራህማን፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"ሰኞም ዋሸሁህ። እውነት አስመስዬ ነው የዋሸሁህ። ስታመሰግነኝ ደስ አለኝ።"

ቦጋለች እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "እኔ እኮ ያቺን ልጅ ሰው ፊት ሰድቤያታለሁ" አለች። "ምነው ወልዴ! ምነው!"

አብዲራህማን መሳቢያውን ከፍቶ ሲፈልግ ቆየና አንድ ደብዳቤ አውጥቶ አየው፣ ፈረመበት፣ ማኅተም ይመታበት ብሎ ለጸሐፊዋ ሰጣት። ወደ ወልደጻድቅ ግን አላየም። "ያንተን ጉዳይ ቅዳሜ እናየዋለን። አሁን ሥራ ላይ ነን" አለ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ማንም አልጨበጠውም።

ሀምዲያ ፌስታሏን እግሯ ሥር አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

"ፈረሙልኝ?" አለች።

"ያንቺን ፈርሟል፤ የቋሚነቱን። የርክክቡ አያስፈልግም።"

ለአፍታ የሰማችውን ያመነች አልመሰለችም። "ምን አሏቸው?"

"የጻፍሽውን አነበብኩላቸው።"

"የቱን?" አለች፤ ወዲያው ገባት። "ሰው ነበረ?"

"ሞልቶ ነበር።"

ሀምዲያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ለሱ ደግሞ እሷ አፈረችለት። ወልደጻድቅ ይህንንም ቆሞ ማየት ነበረበት፤ ቆሞ አየ።